ከደምበጫ የመጣው ኮት

ደብረ ማርቆስ ላይ ሰልቫጅ መሸጥ ከጀመርሁ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ቦታዬ ከገበያው በላይ፣ መንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚታጠፍበት ጥግ ነው። መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ባይወድም መንገድ ጠቋሚ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። አዲስ የመጡ መምህራን ካፖርት ሲመርጡ የት ጥሩ ይበላል፣ የት ዞር ዞር ይባላል ይሉኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ።

ሰልቫጅ ስትገዙ ብብቱን እዩ እላቸዋለሁ። አንገቱ ቢያረጅ ይገለበጣል፣ ቁልፉ ቢወልቅ ይተከላል፣ ብብቱ የሳሳ ልብስ ግን ሁለት ክረምት አይሻገርም። ወደ ፀሐይ ይዛችሁ እዩት። በዝናብ ቀን ካፖርት አትግዙ፤ የበረደው ሰው አይመርጥም። ቤት ስትገቡ በፈላ ውኃ ንከሩት። የሞተ ፈረንጅ ልብስ ነው ለሚሉትም መልስ አለኝ፤ ሁላችንም የምንለብሰው ሟች የሠራውን ነው እላለሁ። ከበላችሁ ከመሲ ድንች ብሉ። መሲ በስተቀኜ ተቀምጣ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ድንቿ ሮብ ገበያ ከሚባለው አገር ነው የሚመጣ፣ ሲቀቀል ፍንድት ይላል፣ ዳጣውንም ራሷ ናት የምትፈጨው። ሳምቡሳውን ግን ከሰዓት በኋላ ተዉት፤ የጠዋቱን ዘይት ነው የሚደግሙት። ጸጥ ያለ መንገድ ለሚፈልግ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በባሕር ዛፉ መሐል ወደ ወንዙ የሚወርድ ቀጭን መንገድ አለ። በአዘቦት ቀን፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ከወፍ በቀር ሰሚ የለበትም።

እንዲህ ስመክር የሰማኝ ሰው ዙሬ የኖርሁ ይመስለዋል። እኔ ከዚያ ጥግና ከቤቴ በቀር የምሄድበት የለኝም።

አሰገደች እባላለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥሁት ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ በአሥራ አምስት ዓመቴ ተዳርሁ። ባሌ መሳፍንት ያን ጊዜ ዲያቆን ነበር። ዲያቆን የሚያገባው በቁርባን ነው፤ ሙሽሮቹ ካህን ፊት ቀርበው፣ ሥጋ ወደሙን አብረው ተቀብለው። እንዲህ ያለውን ጋብቻ ሞት እንጂ ሰው አይፈታውም። በሰርጌ ቀን ይህን የነገረኝ ሁሉ እንደ ምርቃት ነበር የነገረኝ።

ልጅ አልወለድንም። መሳፍንትም ቅስናውን ሳያይ ድቁናውን ተወው። በ1992 ዓ.ም. መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ እሄዳለሁ፣ ለገና እመለሳለሁ አለ። ልሸጥ ከገዛሁት የሰልቫጅ ቦንዳ ውስጥ የወጣ ቡናማ ኮት መርጬ አስቀመጥሁለት። የውስጥ ኪሱ ተቀዶ ስለ ነበር ከተማሪ ቤት ዩኒፎርሜ ሰማያዊውን ጨርቅ ቆርጬ ሰፋሁበት። እናቱ እማማ ዘሪቱ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ክሩን በምራቃቸው እያረጠቡ መርፌ ያሾልኩልኝ ነበር። ያን ጊዜ ዓይናቸው ገና ደህና ነበር።

ለገና አልመጣም። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። ሞቷል ያለኝ የለም፣ አለ ያለኝም የለም። ከእማማ ዘሪቱ ጋር ሁለታችን ቀረን። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ውኃውም እንጨቱም የእኔ ሆነ። ወላጆቼ ዘንድ ልመለስ ብል ባሏ ሳይሞት ቤቱን ጥላ ወጣች ልባል ነው። ሌላ ላግባ ብል ቁርባን አፍራሽ ልባል ነው። ሚስትም አይደለሁ፣ መበለትም አይደለሁ። ሰባት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በእነዚያ ዓመታት በስተግራዬ አለበል የሚባል ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ይዞ ይቀመጥ ነበር። እኔ የሸጥሁትን ሱሪ እሱ ያሳጥራል፣ የሰፋውን ኮት እሱ ያጠባል። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ብቻውን የሚኖር፣ ከአፉ ክፉ የማይወጣ ሰው ነው። በዝናብ ጊዜ ሸራውን ወደ እኔ ልብስ ስቦ እሱ ይበሰብሳል። መሲ ታሾፍብን ነበር። "እናንተ ሰዎች ክርና መርፌ እንደ ተለያዩ ልታረጁ ነው" ትለናለች።

አንድ ቀን ቀና ሳይል፣ እየሰፋ፣ ነፃ ብሆን ኖሮ ሽማግሌ ይልክ እንደ ነበር ነገረኝ። እኔም ነፃ ብሆን ኖሮ እሺ እል እንደ ነበር ነገርሁት። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ሥራችን ተመለስን። ሌላ ምን ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መሳፍንት ይኑር ይሙት የማወቁ ነገር እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ይሙት ብዬ አልጸለይሁም፤ ቁርጡን ልወቅ ብቻ ነው ያልሁት።

በ1999 ጥቅምት እንዳላማው መጣ። እንዳላማው ልዋጭ ነው፤ ሳፋና ጆግ ተሸክሞ ከመንደር መንደር እየዞረ በአሮጌ ልብስ ይለውጣል፣ ደህና ደህናውን ለእኔ ያመጣልኛል። ማዳበሪያውን ዘርግፎ እየመረጥሁ ሳለ እጄ ላይ ቡናማ ኮት ገባ። እንደ ልማዴ ብብቱን አየሁ። ከዚያ ውስጡን ገለበጥሁት። ሰማያዊው ኪስ እንዳለ ነው። የእኔው ስፌት፣ ጫፉ ላይ እማማ ዘሪቱ ያቀበሉኝ ጥቁር ክር።

ኪሱን ወደ ውስጥ መልሼ ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት።

"ከደምበጫ፣ እታለም" አለ። "አንዲት ባጃጅ ማቆሚያው ዘንድ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት በሳፋ የለወጠችኝ። ደህና ኮት አይደል፣ ለምን ታወጪዋለሽ ብላት፣ ባሌ ወፍሮ እምቢ አለው አለችኝ።"

"የደምበጫ ቅቤ ነዋ" አለች መሲ ከወዲያ። እንዳላማውም ሳቀ። አለበል ግን አልሳቀም፤ እኔን ነበር የሚያየኝ። ኮቱን አጣጥፌ ከሥሬ አደረግሁትና ስለ ሌላ ልብስ አወራሁ።

ማታ ወደ ቤት ይዤው ገብቼ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከልብሱ ሁሉ ሥር ከተትሁት። ለምን እንደ ደበቅሁት ዛሬም በደንብ አላውቀውም። ልጅዎ በሕይወት አለ ብላቸው እናቱ ደስ ሊላቸው ነው፤ ቁርባኑን አፍርሶ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ሌላ ቤት ሠርቷል ብላቸው ደግሞ ደስታው አንድ ቀን አያድርም። ሽማግሌዎቹም አሉ። የእኛ አገር ሽማግሌ ባልና ሚስት ሲለያዩ ቆሞ አያይም። ደምበጫ ሄደው፣ ይዘውት መጥተው፣ እግሬ ላይ አስወድቀው፣ ይቅር በይው ሊሉኝ ነው። እሺ ካልሁ ከእሱ ጋር፣ እምቢ ካልሁ ያለ ማንም። አራት ቀን እንዲህ ሳወጣ ሳወርድ ከረምሁ።

አንድ ነገር ግን አላሰብሁም ነበር። በአገራችን ሰው በሩቅ ሲሞት መርዶው ወዲያው አይነገርም። ቀድሞ የሰማው ሰው የሟቹን ልብስ ደብቆ፣ ሆዱን ችሎ፣ ዘመድና የንስሐ አባት እስኪሰበሰብ ይቆያል። ልብስ የሚደበቀው ለዚህ ነው። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እያወቅሁ ደበቅሁት።

በአምስተኛው ቀን እማማ ዘሪቱ ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ ሊያወጡ ሣጥኑን ከፈቱ። ዓይናቸው ባያይም እጃቸው ያያል። እኔ ገበያ ነበርሁ። የእድራችን ሰው መጥቶ ምንም ሳይነግረኝ ቤት ድረሺ አለኝ፤ መሲም ድንቿን ትታ ክንዴን ይዛ አብራኝ ሄደች። ገና ከሩቁ ዋይታው ተሰማኝ። ድንኳኑ ሊቆም እንጨቱ ወርዷል። ኮቱን አንዲት ሴት ከፍ አድርጋ ይዛው ሌሎቹ ዙሪያውን ደረታቸውን ይመታሉ። እማማ ዘሪቱ መሬት ላይ ወድቀው የእጅጌውን ጫፍ ጨብጠዋል።

እኔ ስገባ ለቅሶው በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። አንዷ አቀፈችኝ፣ ሌላዋ ጥቁር ሻሽ አሰረችልኝ። ብቻዋን አራት ቀን መርዶ ይዛ ቻለችው፣ አንጀቷ እንዴት አልተበጠሰ ይሉ ነበር። እማማ ዘሪቱ እየዳበሱ ፊቴን አገኙት።

"ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ዋጥሽው" አሉኝ። "እንዲህ ያለችውን ልጅ ሰጥቶኝ ነው ለካ ያኛውን የወሰደብኝ።"

አፌን ከፈትሁ። እውነት እላለሁ፣ ልናገር ነበር። ግን ሰው ሁሉ የከፈትሁት ለልቅሶ መሰለው፤ ጩኸቱን ጨመሩት። ትንሽ ቆይቶ እኔም አለቀስሁ። ያለቀስሁት ውሸቴን አልነበረም። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤል መጥተው በዚያው ቀን ፍትሐት አደረሱ። ሻይ እየጠጣ የሚወፍር ሰው ተፈታለት።

አለበል ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። እሱም መሲም የተለቀሰበት ኮት ከልዋጩ የገዛሁት መሆኑን አላወቁም፤ በእኛ ገበያ ቡናማ ኮት ሞልቷል። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን። አዝኖልኝ ነበር፤ ከሐዘኑ በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፣ እሱም ራሱ ያፈረበት። ተስፋ ነው።

ሳምንቱ እንዳለፈ አባ ወልደ ሩፋኤልን ንስሐ አለኝ አልኋቸው። ለሰው የምመክረውን መንገድ ያን ቀን ለራሴ ተጠቀምሁበት። ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በባሕር ዛፉ መሐል ቁልቁል ወረድን። እሳቸው በበትራቸው ቅጠሉን እየገፉ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ኮቱን፣ ልዋጩን፣ የሻይ ቤቷን ሴት። ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት ማድረሳቸው ነው መጀመሪያ የከበዳቸው፤ እጃቸውን ደጋግመው ያዩት ነበር። ለማን እንደ ነገርሁ ጠየቁኝ። ለማንም አልኋቸው።

"ቁርባኑን ያፈረሰው እኮ እሱ ነው፣ አባቴ" አልሁ። "እኔ ምን አጠፋሁ?"

"አንቺማ አላጠፋሽም፣ ልጄ። ግን በልዋጭ ቃል ጋብቻ አይፈርስም። እሱ ራሱ ቀርቦ፣ ካህናት ፊት፣ አፍርሻለሁ ይበል። ያን ጊዜ እኔው ቆሜ አስፈታሻለሁ። እስከዚያ ድረስ ጥቁር ብትለብሽም ባል አለሽ።"

ለእማማ ዘሪቱ ይንገሩልኝ ብላቸው ንስሐ አይወጣም አሉ። እኔ ራሴ ደግሞ ለእኔ ብለሽ ዋጥሽው ካሉኝ በኋላ ልነግራቸው አልደፈርሁም። እሳቸውም እንደ እኔ ታሰሩ። በአርባው ቀን ጸሎት ሲደረግ የመሳፍንት ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ እንዳለፉት እኔ ብቻ ነኝ ያስተዋልሁ።

ታኅሣሥ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ልብስ ላመጣ ነው ብዬ ደምበጫ ሄድሁ። ከጋብቻዬ ወዲህ ከማርቆስ የወጣሁት ያን ቀን ነው። ፈረሱም ባጃጁም በአንድ መንገድ ይተራመሳል። ባጃጅ ማቆሚያው ጥግ ከላስቲክ በታች አንዲት ወደል ያለች፣ ሳቂታ ሴት ሻይና ጢቢኛ ዳቦ ትሸጣለች። አጠገቧ ሕፃን ልጅ ሳር ላይ ተኝቷል። ተቀመጥሁ። ጢቢኛው ትኩስ ነበር፤ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ሴትዮዋ ጥቁሬን አይታ ማን እንደ ሞተብኝ ጠየቀችኝ። ባሌ አልኋት።

"ነፍስ ይማር፣ እህቴ" አለች፤ ከልቧ ነው። ሻዩንም ሳልጠይቃት ደገመችልኝ።

ልጠላት ነበር የሄድሁት። አልሆነልኝም። ምንም አታውቅም፤ ገጿ ላይ ያስታውቃል። ውኃ ልትቀዳ ብድግ ስትል ሕፃኑን እዪልኝ አለችኝ። እየጠበቅሁ ሳለ መሳፍንት መጣ። በእርግጥም ወፍሯል። ዱቄት ተሸክሞ ነበር፤ መጀመሪያ ልጁን አየ፣ ከዚያ እኔን። ዱቄቱን ቀስ አድርጎ አወረደው። ከእግሬ እስከ ራሴ ጥቁሩን አየና ዓይኑ ፈጠጠ። እናቱ የሞቱ መስሎት ነው።

"ማን ሞተብሽ?" አለኝ።

"አንተ" አልሁት።

ቁጭ አለ። የሆነውን ሁሉ በአጭሩ ነገርሁት፣ ሴትዮዋ ሳትመለስ ልጨርስ እየቸኮልሁ። ድንኳኑን፣ ፍትሐቱን፣ የእናቱን ዓይን። ከእሱ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው አልሁት። ሚስትህ እንድሆን አይደለም፣ ካሳም አልጠይቅህም፤ አባ ወልደ ሩፋኤል ፊት ቀርበህ አፍርሻለሁ በል፣ እኔም ነፃ ልውጣ። እናትህም ለቅሷቸው ይቀርና ልጃቸውን ያገኛሉ። እያለቀሰ ሰማኝ። ሁመራ ላይ ታሞ እንደ ነበር፣ ይህች ሴት እንዳስታመመችው፣ አገሯ ከገቡ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው፣ በየሳምንቱ ማርቆስ ልሂድ እያለ በምን ፊቴ እያለ እንደቀረ አወራኝ።

"አሁንማ ለቅሶዬን ተቀምጠው፣ እንዴት ብዬ ነው በዚያ መንደር የማልፈው፣ አሰገደች?"

"እኔ የማልፍበት እንዴት ይመስልሃል?" አልሁት።

ለጥምቀት እመጣለሁ አለ። በልጁ ማለልኝ። ሴትዮዋ ተመልሳ ሁለታችንንም ስታይ፣ ዘመድ ናት አላት።

ጥምቀት መጣ፤ እሱ ግን አልመጣም። የካቲት ላይ እንዳላማው ሳፋውን ተሸክሞ ብቅ ሲል፣ ስለ ደምበጫዋ ሻይ ሻጭ እንደ ዋዛ አድርጌ ጠየቅሁት። ከባሏ ጋር ቤቱን ዘግተው ሄደዋል አለኝ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ አንዱ አሶሳ ይላል፣ ሌላው ወለጋ። እኔው ነኝ ያባረርሁት። ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ቢያንስ ያለበትን አውቅ ነበር።

ዓመቱ ሲሞላ የጎረቤት ሴቶች መጥተው ከሉን አስወለቁኝ። በሁለተኛው ሳምንት አለበል ሽማግሌ ላከ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ የተላኩት ወደ እማማ ዘሪቱ ነው፣ ሌላ ወላጅ አጠገቤ ስለሌለ። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እጄን ይዘው ሽማግሌዎቹ ፊት መረቁኝ።

"ልጄን ጠብቃዋለች፣ ከል ለብሳለታለች፣ አልቅሳለታለች" አሉ። "ከዚህ በላይ ምን ላስቀራት? አለበል ደግ ሰው ነው። ውሰዱልኝ፣ እኔንም አንድ ጥግ ይስጠኝ።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የተዘጋው በር ሁሉ በአንድ ቀን ተከፍቶ የቀረው ለእነሱ የማይታየው አንዱ ብቻ ነበር። አባ ወልደ ሩፋኤልም እዚያው ነበሩ፤ መሬት መሬት ያያሉ። እሺ ብል አፋቸውን አይከፍቱም፣ ግን ቁርባን አያቀርቡኝም። እማማ ዘሪቱ ለምን አልቆረቡም ይላሉ። አለበልም እንዲሁ ይላል። አልችልም አልሁ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ከእማማ ዘሪቱ ትከሻ የወረደውን ነጠላ አስተካከልሁ። አንደኛው ሽማግሌ ዓይኑ እንባ ሞላና ታማኝ ማለት ይቺ ናት አለ። ወሬው በማግሥቱ መንደሩን ሞላው። ዛሬም ልጃገረድ ሲመክሩ አሰገደችን እዩ ይላሉ።

አለበል ሌላ ሽማግሌ አልላከም። ራሱ አንድ ከሰዓት፣ መሲ በሌለችበት፣ መኪናውን አቁሞ ጠየቀኝ። ነፃ ብሆን እሺ እልህ ነበር ብለሽኝ አልነበረም ወይ አለኝ። ብየሃለሁ አልሁት። ታዲያ አለ። እውነቱን ብነግረው የእማማ ዘሪቱን ለቅሶ ማፍረስ ነው፤ የተጣጠፈውን ሱሪ ደግሜ አጣጠፍሁ።

"በሕያው ሰው ቀንቼ አላውቅም" አለ ቆይቶ። "በሞተ ሰው መቅናት ደግሞ ያሳፍራል።"

በሳምንቱ መኪናውን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አዛወረ። በ2001 ከሮብ ገበያ በኩል አመተ ማርያም የምትባል ልጅ አገባ። እማማ ዘሪቱ በ2003 እጄ ላይ አረፉ፤ ልጄን በሰማይ አገኘዋለሁ እያሉ። ቤቱን ለእኔ ብለው ተናዘዙ። አባ ወልደ ሩፋኤል በየዓመቱ ለፋሲካ ከመሳፍንት ወሬ እንዳለ በዓይናቸው ይጠይቁኛል፤ ራሴን ነቅንቄ የለም እላቸዋለሁ።

ሱሪ የገዛ ሰው የሚያሳጥርለት ሲጠይቀኝ ወደ አለበል እልካለሁ። ጨርቅ አያበላሽም። ባለፈው ክረምት አመተ ማርያም የመጀመሪያ ልጇን አዝላ መጣች። ለሕፃን የሚሆን የሱፍ ልብስ ፈልጋ ነው። ባሏ ከአሰገደች ውሰጂ፣ አታታልልሽም እንዳላት ነገረችኝ። ከሥር ከሥር ፈልጌ አንድ ነጭ ሹራብ አወጣሁላት፣ ብብቱን አየሁት፣ ደህና ነው። በፈላ ውኃ እንዳትነክሪው፣ ሱፍ ይኮማተራል፣ ለብ ባለው ይበቃል አልኋት። ሕፃኑ ላይ ለካነው፤ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል። ያሳጥርልሻል አልኋት።